ማሽን ሰውን አይደርስበትም ለማለት አንቸኩል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ ማሽን ነፍስ ስለሌለው የሰውን አእምሮ መቼም አይደርስበትም ብለው ጽፈዋል። አጻጻፋቸውን ወድጄዋለሁ። ድምዳሜው ግን አልተዋጠልኝም።

እኔም አማኝ ነኝ። የነፍስ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ቼዝን የመሰለ፣ የአእምሮ ጥግ ሲባል የኖረ ጨዋታ ለማሸነፍ ነፍስ አላስፈለገም። እ.ኤ.አ. በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው የአይቢኤም ኮምፒውተር የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን ኒውዮርክ ላይ ረታው። ያኔ ብዙ ሰው «እሱማ ስሌት ነው፣ ማሽን እንደ ሰው አዲስ ነገር ማፍለቅ አይችልም» ብሎ ተጽናና።

ከዚያ ጎ መጣ። ጎ የምሥራቅ እስያ ጨዋታ ነው፤ ሁለት ሰዎች 19 በ19 በተሰመረ ሰሌዳ ላይ ጥቁርና ነጭ ጠጠር እያስቀመጡ ቦታ ይሻማሉ። አሰላለፉ ከመብዛቱ የተነሳ ሁሉንም አስልቶ መጨረስ የሚችል ኮምፒውተር የለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም ሴኡል ላይ ከታዋቂው ኮሪያዊ የጎ ተጫዋች ከሊ ሴዶል ጋር ገጠመ። በሁለተኛው ጨዋታ፣ 37ኛው እርምጃ ላይ፣ ማሽኑ ጠጠሩን ማንም ባልጠበቀው ቦታ አኖረ። ጨዋታውን ሲተነትኑ የነበሩ ባለሙያዎች መጀመሪያ ስህተት መሰላቸው። ሊ መልስ ለመስጠት ከ10 ደቂቃ በላይ አሰበ። ማሽኑ ራሱ ሰው ያቺን እርምጃ የመጫወት ዕድሉ ከ10 ሺህ አንድ ነው ብሎ አስልቶ ነበር፤ እያወቀ ተጫወታት፣ ጨዋታውንም አሸነፈ። ውጤቱ በመጨረሻ 4 ለ 1 ሆነ። ሊ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውድድር ሲሰናበት አንደኛ ብሆን እንኳ የማላሸንፈው ነገር አለ የሚል ምክንያት ነው የሰጠው። እኔ ይህን ሁሉ አይቼ ማሽን አዲስ ነገር አያፈልቅም ማለት አልችልም።

በሌላ በኩል ደግሞ «አለቀ፣ በልጦናል» የሚሉ አሉ። እነሱም ቸኩለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ካታጎ የሚባል፣ ታላላቅ ባለሙያዎችን የሚረታ የጎ ፕሮግራም አለ። አንድ አሜሪካዊ አማተር ተጫዋች ከ15 ጨዋታ 14ቱን አሸነፈው፤ በጨዋታው ወቅት ኮምፒውተር ሳያግዘው፣ ብቻውን። ዘዴው አስቀድሞ የማሽኑን ድክመት ለመፈለግ በተሠራ ሌላ ፕሮግራም የተገኘ ነው። አማተሩ በሌላ ጥግ እያዘናጋ የማሽኑን ጠጠሮች ቀስ በቀስ በሰፊ ቀለበት ይከባል። ሰው ቢሆን በቀላሉ ይነቃ ነበር። ማሽኑ ቀለበቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው እንኳ አልነቃም። ተመራማሪዎቹ የሚገምቱት፣ ሲለማመድ እንዲህ ዓይነት አሰላለፍ እምብዛም ስላላጋጠመው ነው።

ለእኔ ትልቁ ክፍተት ይሄ ነው። ሰው የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ይሸክከዋል፣ ይቆማል፣ ይጠይቃል። ማሽኑ ግን ከሚያውቀው ወጥቶ ባዕድ ቦታ ሲገባ በዚያው ልበ ሙሉነት ይቀጥላል። ይህ ጉድለት አንድ ቀን ይሞላ ይሆናል፤ አይሞላም የሚያሰኝ ምክንያት አላገኘሁም። ዛሬ ግን አልሞላም።

ነገሩ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። አሁን የምንጠቀምባቸው የሚያወሩ ማሽኖች የተማሩት ከተጻፈ ነገር ነው። በኢንተርኔት ላይ በአማርኛ የተጻፈው ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ማሽኑ ብዙ ያላየው ጥግ ላይ ነው የቆመው። የእህቴ ልጅ ለትምህርት ቤት ሥራዋ ጤፍ መቼ እንደሚዘራ በአማርኛ ጠየቀችው። ፊደሉ ሳይሳሳት፣ አረፍተ ነገሩ ተስተካክሎ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይዘራል ብሎ መለሰላት። ጤፍ በክረምት፣ በብዛት ሐምሌ ላይ እንደሚዘራ ማንም ገበሬ ያውቃል። የሚያናድደው አማርኛው ማማሩ ነው፤ ልጅቷ ያመነችውም ለዚያ ነው። እርማት የሚሰጥ ዘመድ ባይኖራት ኖሮ ያንኑ ገልብጣ ታስረክብ ነበር። ይኸው መልስ ስለ መድኃኒት መጠን ቢሆንስ?

ስለዚህ እባካችሁ፣ ማሽን ሰውን ይበልጣል አይበልጥም በሚለው ክርክር ብቻ ገጹን አትሙሉት። እነዚህን ማሽኖች ለባንክ፣ ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት እናመጣለን የሚሉትን ሰዎች ስታነጋግሩ ሁለት ነገር ጠይቁልን። በአማርኛ የት የት ላይ እንደሚስት ፈትሻችኋል? ሲስትስ ቆም ብሎ የሚያየው፣ ስህተቱንም የማረም ሥልጣን ያለው ሰው ማን ነው?

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ