ለልጄ፦ የስራ መልቀቂያው ላይ እንዳትፈርሚ

የኔ ልጅ እንደምን ነሽ፣ ህመሙስ ጋብ አለልሽ? ትናንት ማታ እህትሽ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ፣ እሷን እንዳትቆጪያት፣ አስጨንቄ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ማዮማው፣ የማህፀንሽ እጢ፣ በኦፕሬሽን እንደሚወጣ፣ ዶክተሯ ስድስት ሳምንት እረፊ እንዳለችሽ፣ ሱፐርቫይዘርሽ ደግሞ "ለጊዜው ልቀቂና ሲሻልሽ እንመልስሻለን" እንዳለሽ ሰማሁ። ጓደኛሽም አንኢምፕሎይመንት ትበያለሽ ምን ችግር አለው ብላሽ ልትፈርሚ ነው አሉ። ልጄ በማርያም ይዤሻለሁ እንዳትፈርሚ።

አንኢምፕሎይመንት እኮ መስራት እየቻለ ስራ ላጣ ሰው እንጂ ለታመመ ሰው የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም። በየሳምንቱ ክሌም ስታደርጊ፣ ክፍያውን ስትጠይቂ ማለት ነው፣ መስራት ትችያለሽ ወይ፣ ስራ ቢገኝ ትገቢያለሽ ወይ፣ ስራ ስትፈልጊ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁሻል። ሆድሽ ተሰፍቶ ተኝተሽ አዎ ብትዪ ውሸት ነው፣ ሲደርሱበት የወሰድሽውን መልሺ ይሉሻል። አልችልም ካልሽ ደግሞ ለዛ ሳምንት አይከፍሉሽም። በዛ ላይ በፈቃዷ ለቀቀች ከተባለ ለምን እንደለቀቅሽ ስታስረጂ መክረምሽ ነው።

የአባትሽን ነገር ረሳሽው እንዴ? አራተኛ ክፍል ነበርሽ። ኤርፖርት ሻትል እየነዳ ኩላሊቱ ሲነሳበት አለቃው ካልቻልክ ለምን አትለቅም አለው፣ እሱ ደግሞ ታውቂዋለሽ ሰው ፊት ከሚለማመጥ ሞቱን ይመርጣል፣ ፈረመና የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ። እረፍት ስጡኝ አላለ፣ የሐኪም ወረቀት አላሳየ። ከዛ አንኢምፕሎይመንት ሲሞላ ከለከሉት፣ በፈቃድህ ነው የለቀቅከው፣ ደግሞም መስራት አትችልም ብለው። ደብዳቤው ሲመጣ ቢል መስሎን ፍሪጁ ላይ ከሌሎቹ ጋር ከመርነው። አንድ ቀን አንቺ አውርደሽ ጣትሽን እያስኬድሽ አነበብሽልን፣ ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ የሚለው ጋ ስትደርሺ ቀና ብለሽ "እማ ቀኑ አልፏል" አልሽኝ። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ደብዳቤ በአንቺ አፍ መነበቡ ነው። በዛ ዕድሜሽ የቤት ኪራይ ሒሳብ አወቅሽ፣ እኔ ሁለት ሺፍት ስሰራ ወንድምሽን የምታበይው አንቺ ሆንሽ። ያኔ ይሄ ፔይድ ሊቭ የሚባለው፣ ታመሽ ስታርፊ የሚከፈልሽ፣ አልነበረም፣ ዋሽንግተን ስቴት ህጉን ያወጣችው በ2017 ነው፣ ለሰው መክፈል የጀመሩት ደግሞ ጃንዋሪ 2020። አባትሽ ዜናውን ሲሰማ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ፣ አንድ ቃል አልተናገረም።

አሁን ግን ፔይድ ሊቭ አለ፣ ላንቺ የሚሆንሽ እሱ ነው። የደሞዝ ቼክሽ ወረቀት ላይ እዪው፣ ካንቺም ይቆረጣል፣ ስለዚህ ልመና እንዳይመስልሽ። ባለፈው አንድ ዓመት ገደማ 820 ሰዓት መስራት ነው የሚጠይቀው፣ የሆቴሉም የሆም ኬሩም ሰዓት ይደመራል። አክስትሽ ሬስቶራንት በካሽ የሰራሽው ግን ሪፖርት ስላልተደረገ ላይቆጠር ይችላል፣ እሱን አትመኪበት። ለራስ ህመም እስከ 12 ሳምንት ይሰጣሉ፣ ደሞዙ ዝቅ ላለ ሰው እስከ 90 ፐርሰንት ይደርሳል። የመጀመሪያዋ ሳምንት ግን አትከፈልም፣ ኪራዩ እንዳያሳስብሽ ለዛች ሳምንት እኔ አለሁ።

ስሚኝ፣ ዛሬውኑ ለመስሪያ ቤትሽ ኤች አር፣ ለሰራተኛ አስተዳደሩ፣ ኢሜይል ጻፊ። የታወቀ ኦፕሬሽን ስለሆነ ከ30 ቀን በፊት በጽሁፍ ማሳወቅ አለብሽ፣ በአፍ ነግሬያቸዋለሁ አትበዪኝ። ስራሽ ይጠበቅልሽ እንደሆነም በዛው ጠይቂያቸው፣ እዛ በቆየሽበት ጊዜና በሰራተኛው ብዛት ነው የሚወሰነው። የሱፐርቫይዘርሽን ቴክስት ስክሪንሻት አድርገሽ ላኪልኝ። የሐኪም ማረጋገጫ ፎርሙን ዶክተሯ ትሙላልሽ፣ ቀኖቹን ራስሽ አንብቢያቸው። ከኦፕሬሽኑ በኋላ አፕላይ ታደርጊያለሽ፣ ከዛም በየሳምንቱ ክሌም፣ አንድም ሳምንት እንዳትዘዪ። ጓደኛሽ ፔይድ ሊቩንም አንኢምፕሎይመንቱንም ባንዴ ሙዪ ብትልሽ እሺ እንዳትዪ፣ ለአንድ ሳምንት ሁለቱ አይከፈሉም። ተሽሎሽ ዶክተሯ ስራ ግቢ ብላሽ እነሱ ቦታ የለም ካሉሽ ያኔ ነው አንኢምፕሎይመንት የሚመጣው፣ እሱ 680 ሰዓት ነው የሚፈልገው።

ፔይድ ሊቭ ቢሮ ደውለሽ እንግሊዝኛው የህግ ቃል ከበዛብሽ አስተርጓሚ በነጻ አላቸው፣ አማርኛ በዪ፣ አትፈሪ። ፊርማ ብቻ ልጄ፣ ፊርማ! ቢስቁልሽም ቢቆጡሽም ወረቀቱን ቤት ወስጄ ላንብበው በያቸው።

ይሉኝታሽ የአባትሽ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ እወድልሻለሁም፣ እዚህ ላይ ግን ይቅርብሽ። ሰኞ የአውቶቡስ ቲኬት እቆርጣለሁ፣ ከሲያትል ስፖኬን የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የአጥሚቱን እህል አስፈጭቻለሁ። የአፓርታማሽን ትርፍ ቁልፍ ለእህትሽ ስጫት፣ ደግሞ ዛሬ እራት ብዪ።

እናትሽ