ገጠሩን ረስታችኋል

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድ ለሁለት ተከፍላ ሕንድና ፓኪስታን ስለ መሆኗ ያወጣችሁት ጽሑፍ ስለ ላሆርና ዴልሂ ከተሞች ከማውራት አላለፈም። በሁለቱ አገሮች መካከል የተከፈለው የፑንጃብ ክልል ገጠርስ? በዛሬዋ ፓኪስታን፣ በፋይሳላባድ አውራጃ፣ ባንጋ የምትባል መንደር አለች፤ የመዝገብ ስሟ ቻክ (መንደር) 105 ነው። እንግሊዞች ደረቁን ሜዳ በመስኖ ቦይ ሲያለሙ ለመንደሮቹ እንደ መጋዘን ዕቃ ቁጥር ሰጧቸው። ዛሬ በሕንድ ካለችው ከጃላንደር በኩል የመጡ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ገበሬዎች ሰፈሩባት። በ23 ዓመቱ ላሆር ውስጥ በስቅላት የተገደለው ፀረ ቅኝ አገዛዝ ታጋይ ብሃጋት ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1907 የተወለደው እዚያው ነው። በ1947 ሲኮቹ ወደ ሕንድ ተሰደዱ፤ ከሕንድ የተፈናቀሉ ሙስሊም ገበሬዎች ደግሞ ባዶ በቀሩት መንደሮች ገቡ። የብሃጋት ሲንግን ቤት ዛሬ ጠብቆ ለጎብኚ የሚያሳየው ሙስሊም ቤተሰብ ነው። ይህ እንዴት ሁለት መስመር እንኳ አጣ?

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር