የተነፈሰ ኳስም እንጀራ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሥራ ስላጡ የድሬዳዋ ወጣቶች በተነሳ ቁጥር ባጃጅና ሱቅ ይጠቀሳሉ። ሁለቱም ብዙ መነሻ ይጠይቃሉ፤ ገበያቸውም ተጣቧል። ከሳቢያን እስከ ለገሃሬ ማታ ማታ ኳስ የሚያባርረው ወጣት ራሱ ደንበኛ መሆኑን ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አዲስ ኳስ ለሰፈር ቡድን መዋጮ ከብዷል። ስለዚህ ገቢው ያለው ያለውን ኳስ በመጠገንና በማከራየት ነው።

የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ኳስ ይበላል። በርካሽ ኳስ ላይ ክሩ ከቆዳው በላይ ብቅ ስለሚል አሸዋው ፈትጎ ይበጥሰዋል፤ በተከፈተው ስፌት የግራር እሾህ ገብቶ ከመነዳሪውን ይወጋል። ጠጋኙ መጀመሪያ ኳሱን ነፍቶ ውኃ ውስጥ ይንከረው። አረፋው በቫልቩ ከወጣ ጎማው ደርቋል ማለት ነው፤ ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን ሁለት ሦስት ጠብታ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ቫዝሊን ግን ጎማ ስለሚያበላሽ አይሆንም። አረፋው በስፌት ከወጣ፣ ከስምንት እስከ አሥር ጥልፍ ፈትቶ ከመነዳሪውን መሳብ፣ ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማስቲሽ መቀባት ነው። ብዙ ጥገና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ማስቲሹ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪተው ሳይጠበቅ ከተለጠፈ ልጣፊው ጎማ ኳሱ ሲነፋ ይላቀቃል። መልሶ የሚሰፋው ሰም በተቀባ የናይለን ክር፣ ሁለት መርፌ በአንድ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ እያሳለፉ ነው። የጥጥ ክር ላብና ፀሐይ ይጨርሰዋል። ስፌት የሌለው፣ በሙጫ የተጣበቀ ኳስ በዚህ መንገድ አይከፈትም፤ ጠጋኙ ገንዘብ ሳይቀበል ይህን ይናገር።

የጨዋታው ደንብ ከ0.6 እስከ 1.1 ባር የአየር ግፊት ይፈቅዳል፤ ለድሬ ሙቀት ግን 0.6 ወይም 0.7 ይሻላል። ጠንክሮ የተነፋ ኳስ ፀሐይ ላይ ሲውል አየሩ እየሞቀ ስፌቱን ይወጥረዋል። የመንፊያው መርፌ ሳይረጥብ ከገባም ቫልቩን ይቀደዋል።

ኪራዩ ላይ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። በሙቀቱ የተነሳ ሁሉም የሚጫወተው በማለዳና ከ10፡30 በኋላ ስለሆነ ሁሉም ቡድን በአንድ ጊዜ ይመጣል። አንድ ኳስ ይዞ የጀመረ ደንበኛ ያባርራል፤ ቢያንስ አራት ኳስና ሁለት ቀለም ያላቸው 14 ሰደርያዎች ያስፈልጋሉ። ሰደርያው በየጨዋታው ይታጠብ።

የክረምት ውድድር የሚያዘጋጁ ደግሞ መመዝገቢያውን በሙሉ ለሽልማት ያውሉታል። ስምንት ቡድን በሁለት ምድብ ሲጫወት 12 የምድብ፣ ሁለት የግማሽ ፍጻሜና አንድ የፍጻሜ፣ በድምሩ 15 ጨዋታ አለ። የ15ቱ የዳኛ አበል አስቀድሞ ካልተቀመጠ ግማሽ ፍጻሜው በጠብ ያልቃል። ሽልማቱ ከዚያ በተረፈው ይወሰን። ጎልና መረብም ደቻቱ ውስጥ አይደር፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ከደጋው ሊመጣ ይችላል፤ የ1998ቱን የሚረሳ የድሬ ሰው የለም።

ከከተማ አስተዳደሩ የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። የትምህርት ቤት ሜዳዎች ከትምህርት ሰዓት ውጪ በሰዓት ተመን፣ በደረሰኝ ይከራዩ፤ ገቢው ለትምህርት ቤቱ ይሁን፤ የሕፃናት ሰዓት ግን ነፃ ሆኖ ይቆይ። ለጥገና ለሚደራጁ ወጣቶች ከሜዳው ጥግ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሚሆን ጥላ ይሰጣቸው። መርፌውንና ክሩን ጫማ ሰፊዎቻችን ያውቁታል፤ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት እነሱን አሠልጣኝ አድርገው በዚህ ክረምት ይጀምሩ።

የሰፈር ውድድር አስተባባሪዎች፣ ድሬዳዋ