ማመልከቻ ክስ አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

እዚሁ ሐዋሳ ዓሣ እየጠበሰች የምትተዳደር ጎረቤቴ፣ ክዳኑ በጠፋ የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ምሽት ላይ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ከተሰበረ ሦስት ክረምት አለፈ። ካሳ ለመጠየቅ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ያልተመላለሰችበት ወር የለም። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ» ሲሏት ትመለሳለች። በአንካሳ እግር፣ በባጃጅ፣ ከኪሷ እየከፈለች።

በመጨረሻ አንድ ጠበቃ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2143 አነበበላት፦ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ መቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ጊዜ ከሰጠ ያ ይሠራል፤ የእርሷ ግን እንደዚያ አይደለም። በላስቲክ ጠቅልላ ያስቀመጠቻቸው ማመልከቻዎች ሁሉ ማኅተም አርፎባቸዋል። ማኅተም ያለበት ወረቀት ለእኛ ለተራ ሰዎች ክስ ይመስለናል፤ ፍርድ ቤት ግን የሚቆጥረው ለእርሱ የቀረበውን ነው።

ይኸው ሕግ በቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ጥፋት ላደረሰው ጉዳት መንግሥትን ካሳ መጠየቅ እንደሚቻል ይደነግጋል። መብቱን ሰጥቶ ቀኑን የሚነግር ሰው አለማስቀመጥ ምን ይባላል? ማመልከቻ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ሁሉ «የክስ ጊዜዎ 2 ዓመት ነው» የሚል ወረቀት በመስኮቱ ላይ ቢለጥፍ ወጪው የአንድ ገጽ ኅትመት ነው።

ቦዩ ዛሬም ክዳን የለውም። የሰፈሩ ልጆች ምልክት እንዲሆን የዛፍ ቅርንጫፍ ተክለውበታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሐዋሳ ነዋሪ