አዲስ ዓለም «ሳትሆን የቀረች ዋና ከተማ» ብቻ አይደለችም

ክቡር አዘጋጅ፦

በአዲስ አበባ ዙሪያ ስላሉ ትንንሽ ከተሞች በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ የትውልድ ከተማዬ አዲስ ዓለም በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተጠቅሳ አልፋለች፤ እሱም ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው የተዋት ቦታ መሆኗን የሚናገር ነው። የተጻፈው እውነት ነው። ሆኖም ላለፉት ብዙ ዓመታት በአስኮ የምኖር የከተማዋ ልጅ እንደመሆኔ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሐሳባቸውን ከለወጡ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ሕዝብና የኖረች ከተማ እንዳሉ ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት ግዴታዬ መስሎ ተሰምቶኛል።

አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቡራዩ፣ በመናገሻና በሆለታ በኩል ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት የደጋ ከተማ ናት። ኤጀሬ የሚለው ስሟም ዛሬ ድረስ በነዋሪው አፍ አለ። ዙሪያዋ ገሚሱ ቀይ አፈር፣ ገሚሱ ዋልካ ነው፤ ዋልካው በክረምት እግር የሚይዝ ጭቃ ሆኖ መንገደኛን ቢያስመርርም፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ እርጥበቱን አቅፎ ስለሚቆይ ገበሬው በመስከረም ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፤ የጤፉና የስንዴው ነገርማ የታወቀ ነው። በአካባቢው የሚዘንበው ውኃ የሚወርደው ወደ አዋሽ ነው። አዋሽ ከእኛ በስተምዕራብ በጊንጪ አቅጣጫ ካሉት ከፍታዎች ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ የሚያበቃ ወንዝ እንደሆነ በትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረናል፤ ነገር ግን ከመነሻው ቅርብ የሆነችው ከተማችን ከዚሁ ወንዝ ጋር ስትነሣ ሰምቼ አላውቅም። ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው የበርጋ ረግረጋማ ሜዳም በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ቁጥር ብቻ የቀራት፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት አንዲት ትንሽ ወፍ በክረምት እንቁላል የምትጥልበት ስፍራ ነው።

ወደ ታሪኩ ስመለስ፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተቆረጠ አለቀ። በዚያን ዘመን እንጨት ሲያልቅ ሰፈሩም ይነሣ ነበርና፣ ምኒልክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 ወደ ምዕራብ ተሻግረው፣ እንጨት በማይቸግርበት በዚህ ምድር አዲስ ከተማ አስጀመሩ። አዲስ አበባን ከአዲስ ዓለም ጋር ለማገናኘት የተሠራው መንገድም በአገራችን ቀደምት ከሆኑት ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ዝውውሩ የቀረው በአንድ በኩል ከዓድዋ ድል በኋላ የመጡት የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች በአዲስ አበባ ቤት ሠርተው ስለነበር፣ በሌላ በኩልም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ የሚናገረው ባሕር ዛፍ ቶሎ እየበቀለ የእንጨቱን ችግር ስላቃለለው ነው። ለቤተ መንግሥት ተብሎ የተጀመረው ሕንፃ ግን ፈርሶ አልቀረም። ቤተ ክርስቲያን ሆኖ በማርያም ስም ደብረ ጽዮን ተባለ፤ በየዓመቱ ኅዳር 21 ቀን ከአዲስ አበባና ከአካባቢው ገጠር የሚመጣው ምእመን ጎዳናውን ሲሞላው ያየ ሰው ከተማዋ ተተወች ለማለት አንደበቱ አይታዘዝለትም። ንጉሠ ነገሥቱ ለደብሩ የሰጧቸው ቅርሶችም በቤተ ክርስቲያኑ ሙዚየም ይገኛሉ።

ከሁሉ ይበልጥ በጽሑፋችሁ ውስጥ ባገኘው ኖሮ ደስ ይለኝ የነበረው ግን ይህ ነው። አዲስ አበባን በቦታዋ ያጸናው ባሕር ዛፍ ውሎ አድሮ ወደ እኛም ተሻግሮ መጣ። ዛሬ በኤጀሬና በአጎራባች ወረዳዎች ጤፍ ይዘራበት በነበረው ማሳ ላይ ሳይቀር የባሕር ዛፍ ተክል ቆሟል፤ ገበሬው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይቆርጠዋል፣ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ አጣናውም በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሕንፃ ሥራ ይሄዳል። ዛፉ የጎረቤትን ማሳ ውኃ ይሻማል የሚለው የገበሬው ቅሬታ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ልጅ ያስተማረ፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ፣ የታመመ ያሳከመ ገንዘብ ከዚሁ ዛፍ እንደተገኘ በዘመዶቼ ቤት አይቻለሁ። በእንጨት ምክንያት ዋና ከተማነቷ የቀረ ከተማ፣ ያው ዋና ከተማ ለሚሠራበት እንጨት አቅራቢ ሆና እየኖረች ነው ማለት ነው።

ስለ ሕዝቡ ስጽፍ የሚሰማኝ ቅሬታ ከዚህ የከበደ ነው። በአገራችን ሙሉ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ሦስት ጊዜ፣ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ቢደነግግም፣ በ2010 ዓ.ም. ይጠበቅ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ተራዘመ፤ በ2011 ዓ.ም.ም እንደገና ተራዘመ። በመሆኑም እንደ አዲስ ዓለም ያለች ከተማ የሕዝብ ብዛቷ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው ቁጥር በዚያ በቀድሞው ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ የተሰላ ግምት ነው። ግምቱ ወጣቱ ወደ ቡራዩና ወደ አዲስ አበባ መሄዱን፣ ሌላው ደግሞ በሆለታ አካባቢ ወዳሉት የአበባ እርሻዎች ለሥራ መምጣቱን፣ የቤት ኪራይ የከበደበት ሰው ከዋና ከተማው እየራቀ መስፈሩን አያውቅም። የመማሪያ ክፍሉም፣ የውኃ ቧንቧውም፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒትም የሚመደበው በዚሁ ግምት ነውና፣ በቁጥሩ ውስጥ ያልገባው ሰው ሲጠማና ሲታመም ማን እንደሚያስበው እኔን ያሳስበኛል።

በቁጥር የማይያዘውም ነገር ከዚህ አያንስም። አያቴ ከጎረቤቶቿ ጋር በኦሮምኛ፣ ከደብሩ ካህናት ጋር በአማርኛ እየተነጋገረች፣ በሁለቱም ቋንቋ ለቅሶ ደርሳ፣ በሁለቱም ሠርግ መርቃ ያረፈች ሰው ነበረች። ስለ መንገዱ ሥራና ስለ መጀመሪያዎቹ የባሕር ዛፍ ችግኞች ከአባቷ የሰማችውን ስትነግረን ልጆች ነበርንና ማንም አልጻፈውም። እንደ እሷ ያሉ አረጋውያን ዛሬም በከተማዋ አሉ።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጋዜጠኛ ወደ አዲስ ዓለም እንዲልክና ቢያንስ ሁለት ቀን እንዲያሳድረው በትሕትና እጠይቃለሁ። አረጋውያኑን፣ አጣና ጫኙን፣ የደብሩን ካህናትና የበርጋን ሜዳ ዳር ገበሬዎች ያነጋግር፤ የሚያርፍበት ቤት ካጣ የእናቴ ቤት ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአስኮ