ካሜራው ዓይንሽ ላይ እያለ አትራመጂ

ልጄ፣

እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የወፏ ፎቶ ደርሶናል። አባትሽ ስልኩን ይዞ ከጎረቤት ጎረቤት ሲዞር ነው የዋለው። «ይቺማ ድንቢጥ አይደለች እንዴ?» ያለውን ሁሉ ቁጭ አድርጎ ያስረዳል። ከአንኮበር እስከ ሰሜን ተራሮች ካለው የገደል አፋፍ ውጪ በዓለም የትም አትገኝም ይላቸዋል። እኔም ደጋግሜ አየኋት። ደረቷ ላይ ያለው ጭረት አንድ በአንድ ይቆጠራል። እንዲህ አድርገሽ ማንሳትሽ አኩርቶኛል።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ለሌላ ነገር ነው። በስልክ ብነግርሽ «እሺ እማ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ።

የሰፈራችን ሹፌር እንግዶች ይዞ አንኮበር ሄዶ አይቶሻል። ገደሉ ጫፍ ላይ በደረትሽ ተኝተሽ ነበር አለኝ። ከዚያ ካሜራውን ከዓይንሽ ሳታወርጂ ተነስተሽ ወደ ጎን ስትሄጂ «እኔ ነኝ ዓይኔን የጨፈንኩት» አለኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ስሚኝ። ካሜራው ዓይንሽ ላይ እያለ አንድ እርምጃ አትራመጂ። መጀመሪያ አውርጂው። እግርሽን እዪ። ከዚያ ሂጂ። ያ ረጅም ሌንስ ሩቁን ያቀርብልሻል እንጂ እግርሽ ሥር ያለውን አያሳይሽም።

አሁን ደግሞ መስከረም ነው። አፋፉ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ ከርሟል። ከላይ ሣር ለብሶ ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥር ግን ውኃ ቦርቡሮታል። እዚያው ተወልደን ያደግነው እንኳ መሬቱ እስኪደርቅ ወደ ጫፉ አንጠጋም ነበር።

የአጎትሽን እግር ታውቂያለሽ። እንዴት እንደሆነ ግን በደንብ የነገረሽ ያለ አይመስለኝም። እሱ አያወራም፣ እኔም ማውራት አልወድም። ልጆች ሆነን ከብት የምንጠብቀው አብረን ነበር። አጎትሽ ወፍ አስመስሎ ማፏጨት ይችል ነበር። አስታው ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀችው ወፍ ድምፁን ስትሰማ ወጥታ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ትቆምና ትመልስለታለች። ያቺ ጉሮሮዋ ብርቱካን የመሰለ፣ ሣር ለሣር የምትሄደው ወፍ አለች አይደል? እሷን ሳያያት በድምፅ ብቻ የት እንዳለች ይነግረኝ ነበር። እኔ ደግሞ እየሮጥኩ ሄጄ አያታለሁ። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ግልገል ወደ ገደሉ ሄደችበት። ዓይኑን እሷ ላይ ተክሎ ተከተላት። እግሩ ሥር ያለውን አላየም። ሣሩ ከነአፈሩ ተንዶ ይዞት ወረደ። እግዚአብሔር ሲያተርፈው ዝቅ ብላ ያለች ድንጋይ ያዘችው። ትልልቆቹ ጠፍር አቀጣጥለው ወርደው አወጡት። በቃሬዛ ተሸክመው ደብረ ብርሃን ሲወስዱት እኔ ከኋላ ከኋላ እያለቀስኩ ተከተልኩ። እግሩ እንደነበረ አልገጠመም።

ከዚያ ወዲህ አፏጭቶ አያውቅም። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ያ ሁሉ የወፍ ድምፅ እሱ ውስጥ ነበር፤ የቀዳው የለም፣ የተማረው የለም። ባለፈው ፋሲካ ሲመጣ «ያቺ አስታው ውስጥ ያለችው እንዴት ነበር የምትለው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ረሳሁት» አለኝ። መርሳቱን አላምነውም። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ስትገቢ ሂጂና ፎቶዎችሽን አሳዪው። ለአንቺ ይናገር ይሆናል። ከተናገረ ቅጂው።

ታዲያ አሁን ስልክሽ ላይ የወፍ ድምፅ እያጫወትሽ ነው አሉ የምትጠሪያቸው። ተዪው። ወፏ የምትወጣው ሌላ ወፍ ቦታዋን ሊቀማት የመጣ መስሏት ነው። መብሏን ትታ፣ ጫጩቶቿን ትታ ስትጣላ ትውላለች። አጎትሽ እንኳ አንዴ ሁለቴ ከመለሰችለት ዝም ይል ነበር፤ «አትድከም» ይል ነበር።

ጎጆ እናሳይሽ የሚሉ ልጆችም ይመጡብሻል። እምቢ በያቸው። ለጎጆ ከከፈልሽ ነገ እንቁላሉን በእጃቸው ይዘውልሽ ይመጣሉ። ችግር ነው፤ አይፈረድባቸውም። ይልቅ አንዱን መንገድ እንዲመራሽ ያዢውና የቀኑን በደንብ ክፈይው። «ተመለሺ» ሲልሽ ተመለሺ።

ጫፉ ላይ ለምን እንደምትሄጂ አባትሽ አስረድቶኛል። ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው በቆላው በኩል ስለሆነ ወደ ገደሉ ዞረሽ ስታነሺ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ ነው። ብርሃኑን ከኋላሽ ለማድረግ በወፏና በገደሉ መሀል ትገቢያለሽ። ገብቶኛል። ግን አታድርጊው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዞራ ከኋላሽ ትመጣልሻለች። ወፎቹ እንደሆኑ በመንጋ መጥተው መሬት ላይ ዘር ይለቅማሉ፣ ብር ብለው ገደሉን ይወርዳሉ፣ ደግሞ ይመለሳሉ። ራቅ ብለሽ ቁጭ ብትይ ራሳቸው ይመጡልሻል። ጉም ከተነሳ ግን ባለሽበት ቁጭ በይ፤ እስኪገለጥ አትንቀሳቀሺ።

እዚያው አንኮበር አጠገብ ልት ማረፊያ የተቀበረውን ጣሊያናዊ፣ አንቲኖሪን፣ አባትሽ ነግሮሽ የለ? እሱ በ1882 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ የአካባቢውን ወፎች በጠመንጃ እየጣለ ነበር የሚሰበስበው። ይቺን የአንቺን ወፍ ግን ሳይንስ ያገኛት በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ተደብቃ የኖረችን ወፍ አንቺ ሳትነኪያት አነሳሻት። ደስ የሚለኝም ይሄ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ጣዪው አልልሽም፤ ዓይንሽ ላይ አድርገሽ አትራመጂ ነው የምልሽ።

በሹፌሩ እጅ ጋቢ፣ በሶና ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ልኬልሻለሁ። ባትሪዎችሽን ከልብስሽ ውስጥ ያዢያቸው፤ ብርድ ይጨርሳቸዋል። ማታ ከውጭ ስትገቢ ካሜራውን ወዲያው ከቦርሳው አታውጪ። ቤቱ ስለሚሞቅ ሌንሱ ላብ ያወጣል። አብሮ ያለው ቡና የአጎትሽ ነው፤ እንዳትከፍቺው።

በእናትሽ ሞት፣ ካሜራው ዓይንሽ ላይ እያለ እንዳትራመጂ። ይሄ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ደውይልኝ። ኔትወርክ እምቢ ካለሽ ወደ መንገዱ ወጥተሽ ሞክሪ፤ በአፋፉ በኩል ግን አይሆንም።

እናትሽ