ደብዳቤ ለልጄ፦ ውሻ ስታዪ አትሩጪ

ሚጣዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ተመስገን ደህና ነን። የአባትሽ ስኳር ወረድ ብሎለታል፤ ማኪያቶውን ግን አልተወም። በሱ ነገር አትጨነቂ፣ እኔ አለሁ።

አክስትሽ ደውላ ሁሉንም ነግራኛለች። እየሳቀች ነው ያወራችልኝ፣ እኔን ግን አላሳቀኝም። እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አንዲት ሴትዮ በገመድ የያዘቻትን፣ ድመት የምታህል ውሻ ሸሽተሽ ከእግረኛ መንገዱ ዘለሽ መኪና ፊት ገባሽ አሉ። ሹፌሩ ፍሬን ባይዝስ? ውሻዋ አልነካችሽም። ሊገድልሽ የነበረው መኪናው ነው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይቺን ያዢልኝ፦ አትሩጪ። ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ውሻ ስታዪ አትሩጪ።

ደግሞ ያንን አሮጊቷን የመንከባከብ ሥራ ውሻ አለባት ብለሽ እምቢ ማለትሽን ሰማሁ። ሰዓቱ ጥሩ፣ ክፍያው ጥሩ፣ በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ ሥራ! ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽሽም። ከዚያ ቡና ሳፈላ ቆየሁና ንዴቴ በረደ። የኛ ቤት የውሻ ፍርሃት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አንቺም ግማሹን ታውቂያለሽ።

ቡፌው ላይ ያለው ፎቶ፣ አጎትሽ። በልጅነቱ ሞተ ብቻ ነው ያልንሽ። ደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለው ያያትሽ አገር ከብት ሲጠብቅ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ውሻ ቁርጭምጭሚቱን ነከሰው። ቁስሏ ትንሽ ነበረች። ቅቤ ቀቡት። መድኃኒት አዋቂ ተጠርቶ ቅጠል ቀጥቅጦ በወተት አጠጣው። ቁስሉ ዳነ፣ እኛም ተመስገን አልን። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያንን የዳነ ጠባሳ ያክ ጀመር፤ ይወረኛል ይላል። በማግስቱ አተኮሰው። ውኃ በጣሳ ይዤለት ገባሁ። ጠማኝ ብሎ የላከኝ ራሱ ነው። ጣሳውን ሲያይ ጉሮሮው እንደ መታነቅ አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰው በሩን ሲከፍት የሚገባው ነፋስ እንኳን ያንዘፈዝፈው ነበር። እናቴ ጣሳውን ከእጄ ቀምታ ወደ ውጭ ወረወረችው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከወጣ በኋላ አያድርስ ነው፤ ያኔም ዛሬም ሐኪም አይመልሰውም። የሚያድነው ሳይታመሙ በፊት የሚወሰደው ክትባት ነው። እሱ ደግሞ የሚገኘው አዲስ አበባ፣ ፓስተር ከሚባለው የጤና ተቋም ነበር። ለኛ ፓስተርና ጨረቃ እኩል ሩቅ ነበሩ።

ይሄን ሁሉ ልጽፍልሽ አላሰብኩም ነበር፣ ብዕሩ ወሰደኝ።

የጎረቤታችን ውሻ ቀሚስሽን የቀደደ ጊዜ ሰፈሩን በጩኸት ያናወጥኩት ለዚህ ነው። ጥርሱ ቆዳሽን አልነካም ነበር። አንቺ መጀመሪያ ዝም ብለሽ ነበር የቆምሽው፤ ማልቀስ የጀመርሽው እኔን ካየሽ በኋላ ነው። ያቺ የአእምሮ ሕክምና ነርስ የሆነችው የጎረቤት ልጅ ትናንት ብቅ ብላ ስነግራት ምንም አልገረማትም። ልጅ ፍርሃትን ከንክሻ ብቻ ሳይሆን ከትልልቅ ሰዎች ፊትም ይማራል አለችኝ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱን የሚቀልበው ሽሽት ነው። ትሸሺያለሽ፣ ወዲያው ቅልል ይልሻል፣ ሰውነትሽም «ያዳነኝ መሸሼ ነው» ብሎ ይይዘዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ከሩቁ ይጀምርሻል። ገባሽ አይደል? አትሩጪ የምልሽ ለመኪናው ብቻ አይደለም።

መድኃኒቱም ቀስ በቀስ መቅረብ ነው አለች። አንድ ታሪክ ነገረችኝ። እዚያው አሜሪካ ሜሪ ኮቨር ጆንስ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1924 የጻፈችው ነው። ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የሚባል ትንሽ ልጅ ነበር። የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሏን በሽቦ ቤቷ ራቅ አድርገው ያስቀምጡለታል። እንዳይረበሽ እያዩ ትንሽ ትንሽ ያስጠጓታል። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሏን በእጁ ዳበሰ። ማንም አልገፋውም፣ ማንም አልሳቀበትም። ለአክስትሽም ይሄን ነግሬያታለሁ፣ ከእንግዲህ አትስቅብሽም።

አንቺም እንደዚያው አድርጊ። መጀመሪያ ውሾች የሚጫወቱበት ፓርክ አጥር ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ ቁሚ። ሻይ ይዘሽ ሂጂ። ልብሽ መምታቱ አይቀርም፣ ይምታ። እስኪበርድ ድረስ ብትቆዪ ጥሩ ነው፤ ልብሽ እየመታ ጥለሽ ብትሄጂም ግን ድካምሽ ከንቱ አይደለም፣ ሌላ ቀን ተመለሺ። እዚያ መቆሙ ሲሰለችሽ ትንሽ ጠጋ በይ። ከዚያ የአክስትሽ ጎረቤት ያ የሸመገለ ውሻ አለ አይደል፣ በገመድ እንዲይዙልሽ ጠይቂና አጠገቡ ተቀመጪ። መንካት ሲያሰኝሽ ባለቤቱን አስፈቅጂ፣ ውሻው መጥቶ ያሽትሽ፣ ከዚያ ትከሻውን ዳብሺ። ከላይ አናቱ ላይ እጅሽን አትዘርጊ፣ አይወዱም። በዚህም አልሆን ካለሽ ሐኪም አለ፣ ማፈር የለም።

እዚያ ያለው ውሻ የኛ ሰፈር ውሻ እንዳልሆነ ደግሞ እወቂ። የኛው ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፣ ትራፊ ይበላል፣ ያለፈ ያገደመ ልጅ ሁሉ ድንጋይ ይወረውርበታል። ክፉ ቢሆን ይፈረድበታል? ሜሪላንድ ውስጥ ግን ውሻን ማስከተብ በሕግ ግዴታ ነው። ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው የእብደት በሽታ አሜሪካ ውስጥ ጠፍቷል የተባለውም እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አሁን በሽታው በብዛት ያለው በዱር አውሬ ላይ ነው፤ የሌሊት ወፍ፣ ራኩን የሚሉት፣ ቀበሮ። ቤት ውስጥ የሌሊት ወፍ ብታገኚ በእጅሽ እንዳትነኪ።

ኧረ ዋናውን ልረሳው! ድንጋይ እንዳታነሺ። እዚህ ጎንበስ ስትዪ ውሻው ድንጋይ ልታነሺ መስሎት ይፈረጥጣል። እዚያ እንዲህ ብታደርጊ ውሻው አይገባውም፣ ባለቤቱ ግን ፖሊስ ይጠራብሻል።

ገመድ የሌለው ውሻ ወደ አንቺ ቢመጣ ቁሚ። እጅሽን ወደ ታች፣ አፍሽ ዝም፣ ዓይኑን ትክ ብለሽ አትዪው። ቦርሳሽን በአንቺና በውሻው መሀል አድርጊ። ሲረጋጋ በጎን በጎን ቀስ እያልሽ ራቂ። አትሩጪ! የሚሮጥ ነገር ማባረር ተፈጥሮው ነው፣ እሱን ደግሞ በሩጫ አትበልጪውም። ከጣለሽ ተጠቅለይና አንገትና ጆሮሽን በእጅሽ ሸፍኚ። የሚጮህ ውሻ አይናከስም የሚለውን ተረትም አትመኚበት፣ ጮሆ የሚነክስ ሞልቷል። ጭራ ቆላ ማለትም ሁልጊዜ ወዳጅ ነው ማለት አይደለም። ሰውነቱን አይተሽ ፍረጂ። ድርቅ ካለ፣ ከንፈሩን ገልቦ ጥርሱን ካሳየ ተዪው። እንደ ሊጥ ልስልስ ብሎ የሚወዛወዘው ግን መጫወት ነው የፈለገው።

አያድርገውና ከነከሰሽ ቅቤ የለ፣ ቡና መነስነስ የለ። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ። ትንሽ ጭረት ናት ብለሽ እንዳታሳድሪያት። የአጎትሽም ትንሽ ነበረች።

የኔ ዓለም፣ ውሻ ውደጂ እያልኩሽ አይደለም። አክስትሽ እዚያ ከሰው ጋር አልጋ ላይ ይተኛሉ ስትለኝ አማትቤያለሁ፤ በዚህስ አንቺም አትለምጂብኝ። እኔ የምፈልገው መንገድሽን ሳትስቺ አጠገቡ እንድታልፊ፣ ሥራሽንም እንዳታጪ ነው።

እና ሰኞ ጠዋት ለኤጀንሲው ደውዪ። የአሮጊቷ ሥራ ካልተያዘ እውነቱን ንገሪያቸው፦ ውሻ እፈራለሁ፣ እየተለማመድኩ ነው፣ ውሻው ለጊዜው ሌላ ክፍል ይሁንልኝ በዪ። ቢበዛ እምቢ ይሉሻል። በርበሬና ሽሮ ወደዚያ በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ፣ አክስትሽ ቤት ነው። በርበሬውን ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው፣ ሽሮው የጾም ነው። ስትሄጂ በዚያውም የጎረቤቱን ውሻ ነገር ጠይቂያት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደውዪልኝ፣ አባትሽ ሲተኛ፤ የአጎትሽን ነገር እንደጻፍኩልሽ አላወቀም።

እናትሽ